ለፈረንጁ ዋስ የሆንኩበት ኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ማታ።

ከፍ/ሰላም እስከ ቡሬ ጠመንጃ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ነው። እሱም እኔ አበጀ ነኝ።

እሺ፤ የሠራው አባቴ ነው። እኔ ወናፍ ነፋሁ። ግን ወናፍ ካልተነፋ ብረት አይግልም፤ ስለዚህ ግማሹ የኔ ነው። ግማሹ ከበዛብኝ ትንፋሹ የኔ ነው። ከዚህ በታች አልወርድም።

ዛሬ ማጭድ ስስል ዋልኩ። የጤፍ አጨዳ ደርሷል፤ የማንኩሳ ዙሪያ ገበሬ ሁሉ ደጄ ላይ ነው። ማጭዳቸውን ይሰጡኝና ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሴቶቹ ያዘሉትን ሕፃን በነጠላ ይሸፍናሉ። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ነው ነገሩ። እኔም መዳፌን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ሸፍኛለሁ፣ በሉ እለፉ እላቸዋለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዳንዷ ፈጠን ብላ ታልፋለች። የሳልኩት ማጭድ ግን ከሁሉም ቤት ገብቶ ያድራል።

ጻፉ ያለችን የማታ ት/ቤት መምህርታችን ናት። ፊደል ጨርሳችኋል፣ ካልጻፋችሁበት እንደ መጣ ይሄዳል አለች። ለማን ነው የምንጽፈው ስላት፣ ለደብተሩ ንገረው አለችኝ። እንግዲህ ደብተር፣ ዕጣህ ነው። ሚስቴ ይታይሽ ወሬዬን ሰምታ ጨርሳዋለች፤ ተራው ያንተ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፈተና አልነበረም። ቢኖር ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 6 ሰዓት።

ቤታችን ፈረሰ። የምኖርበት አይደለም፤ የስልኩ።

ላስረዳህ፣ አንተ ስልክ የለህም። ሁሉም ሰው ያለበት፣ ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ አለ፤ እኔ አሮጌው ሰፈር እለዋለሁ። እዚያ «የአባት ብረት» የሚባል ማኅበር ነበረን። የጎጃም ሰው የአያቱን ጠመንጃ ከግድግዳ አውርዶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይቀረጻል። ይፎክራል። ብረቱ የማን እንደነበረ፣ በማን ለቅሶ ላይ እንደተተኮሰ ይናገራል። ሥራችን ይኸው ነው።

እኔን ያስገባኝ ይበልጣል ነው። ጅጋ ላይ ብየዳ ቤት አለው። ወጣት ነው፣ ፋዘር እያለ ነው የሚጠራኝ። መስከረም ላይ መጣና አባቴ የሠራውን ጠመንጃ አሳቅፎ ቀረጸኝ። እንዴት እንደተሠራ አወራሁ፤ አብዛኛው ስለ ወናፉ ነው። ሰው ጎረፈ። አያ አበጀ፣ እጅዎ ይባረክ። አያ አበጀ፣ እርስዎን የመሰለ ባለሙያ የት ተገኝቶ። በሃምሳ ዓመቴ መጀመሪያ አንቱ ያለኝ ስልክ ነው።

ዛሬ ስከፍተው ባዶ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ብቻ። ለይበልጣል ደወልኩ። ቤት ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ማሳየት ክልክል ነው ይላል አለኝ። እኛ መቼ ሠራን፣ አባቴ ነው የሠራው፣ እሱም ሞቷል አልኩት።

«ፋዘር፣ የሚያየን ማሽን ነው። ፉከራና ጦርነት አይለይም።»

ሰውስ ዘንድሮ መቼ ይለያል። ተኩስ ሲሰማ የማን ሰርግ ነው ብሎ የሚጠይቅ ቀርቷል። ይኼን ለይበልጣል አላልኩትም። አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ወናፍ አይነፋም። ስልክ ግን በዓል አያውቅም።

አዲስ ሰፈር ተገኘ። ሌላ መተግበሪያ ነው፤ ምን ለጠፋችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለውም አሉ። ይበልጣል በሩቅ እየመራኝ ይህን ንካ፣ ያንን አትንካ እያለ አስገባኝ፤ ቪዲዮዬንም እዚያ መልሶ አስለጠፈኝ። ወናፍ ሥር እንደዋለ ብረት ስልኬ ሞቀ።

የማኅበራችን አለቃ አያ ታከለ የሚባሉ የቡሬ ሰው ናቸው። በጽዋ ማኅበር ወግ ሙሴ ብለን መርጠናቸዋል። አይጽፉም፤ በድምፅ ነው የሚልኩት። በዓይን አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ቀስ ያለ። እንዲህ አሉ፦ አሮጌው ሰፈር ያፈረሰን ማንም እየገባ ማንም ስለሚወጣ ነው። እዚህ በዋስ ነው የሚገባ። አባቱን የሚያውቅለት፣ አገሩን የሚያውቅለት ሰው ይጥራ። ሰውየው ቢያጠፋ ዋሱ ያቀርበዋል። ማቅረብ ካቃተው ዋሱ በቦታው ይቀመጣል።

ደስ አለኝ። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው አልኩ። ስም እየተጠራ እገሌ ዋስህ ማን፣ እገሌ። እገሌስ፣ እገሌ። ሞቅ ብሎ ሄደ።

አበጀ፣ ማንኩሳ። ዋስ?

ዝም።

ያ ሁሉ እጅዎ ይባረክ ያለ ሰው ዝም። ስልኩ ጠፍቶ መስሎኝ ነካካሁት። አልጠፋም። ይበልጣል ዋስ እንዳይሆነኝ ገና ልጅ ነህ ተብሏል፣ ሚስት የለህም ተብሏል። ይታይሽ ከጓዳ ሆና ምነው ዝም አልክ አለችኝ። እየጠበቅሁ ነው አልኳት። ምን ስትለኝ፣ ኔትወርክ አልኳት።

ከዚያ የአያ ታከለ ድምፅ መጣ። «ለአበጀ እኔ አለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ደብተር፣ ነገርኩህ እኮ። ታላቅ ሰው ታላቅ ሰውን ያውቃል።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት።

ደጃችን ላይ ፈረንጅ ቆሟል፤ የስልኩ ደጅ ማለቴ ነው።

ስሙ በፈረንጅ ፊደል ነው፣ ፎቶው የብሎን ሥዕል ነው። የኔን ቪዲዮ አንድ ሰው ወስዶ ሌላ ቦታ ለጥፎት እዚያ አይቶት ነው። በማሽን ያስተረጎመ አማርኛ ይጽፋል። «ውድ ጌታዬ አበጀ፣ የአባትዎ ብረት እጅግ ጣፋጭ ነው» ይለኛል። ለይታይሽ ሳነብላት በልቶት ነው እንዴ ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። አነጋገሩ ወደ መጽሐፍ ያዘነብላል።

ማኅበሩ ጠየቀው። የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?

«እኔ የማንም ልጅ አይደለሁም። ነፃ ሰው ነኝ» ብሎ መለሰ።

አቤት የተሳቀው። አንዱ ያሳዝናል፣ እናቱም ነፃ ናት ወይ አለ። ሌላው ጸበል ይውሰዱት አለ። ከዚያ፣ ዋስህ ማን? ተባለ። ዝም አለ ሰውዬው። ዝምታውን አወቅሁት፤ ከትናንት በስቲያ የኔ ነበር።

እኔ አለሁ ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ፣ ሦስቱንም ቃል ሳልሳሳት።

ሁለት ነው ለካ። እኔ፣ አለሁ። አንደኛ የወጣሁት በሒሳብ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት 2 ሰዓት።

ፈረንጁና እኔ ወዳጅ ሆነናል። ጌታዬ ይለኛል። ስለ አባቴ ይጠይቃል፤ ብረቱን ከየት አመጣው፣ ምን አሰበ፣ ስንት ጊዜ ከሸፈበት። እኔን ስለ አባቴ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዳንዱን አውቄ መለስኩ፣ አንዳንዱን አሳምሬ መለስኩ።

የራሱንም ሰዎች ቪዲዮ ላከልኝ። ለይታይሽ አሳየኋት። አይታ ጨረሰችና ሰውየው የት አለ አለችኝ። እውነቷን ነው። በኛ ቪዲዮ ሰው ነው የሚታየው፤ ብረቱ ትከሻው ላይ ነው። በነሱ ሰው የለም። ጠረጴዛ፣ ጓንት፣ እጅ። እጁ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይገጥማል። ስም የለ፣ ፊት የለ፣ ዘር የለ። ሲያልቅ እጁ ብረቱን አንሥቶ ያሳያል፣ በቃ። የማን ነው፣ በማን ለቅሶ ነው የሚተኮስ፣ ማን ይወርሰዋል፤ ምንም።

ፊታችሁን ለምን ደበቃችሁ ብዬ ጻፍኩለት። «ለደኅንነት» አለኝ። እኔም፣ ፊት የሚያስደብቅ ሥራ ከሆነ ለምን ትሠሩታላችሁ አልኩት። ሳቅ የሚያሳይ ቢጫ ክብ ላከልኝ። ቀልደኛነቴ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። 11 ሰዓት።

ጉድ።

ፈረንጁ ማኅበሩ መሐል ፋይል ጣለ። ሥዕል ነው፤ ከላይ እስከ ታች። ከሱቅ በሚገኝ ዕቃ፣ በየቤቱ፣ ማንም ሰው ጠመንጃ የሚሠራበት መንገድ ነው ይላል። «ለወንድሞቼ ስጦታ» ብሎ ጻፈበት። ክፋት አላየሁበትም። እንግዳ ባዶ እጁን አይገባም ብሎ ነው መሰለኝ።

ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወጣቶቹ እናመሰግናለን፣ እሳት፣ ምናምን። ትልልቆቹ ደግሞ ልብሱን አውልቆ ገበያ የገባ ሰው ያዩ ይመስል ጮኹ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የቡሬ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአያታቸው ምንሽር ጠመንጃ ያላቸው፣ በድምፅ እንዲህ አሉ፦ እኛ እዚህ የተሰበሰብን የሞቱብንን ለማንሣት ነው ወይስ የሚሞቱትን ለማብዛት? ይሄ ሥዕል ጠበኛ ቤት ሲገባ ማን ሊያስታርቅ ነው?

አንድ የፍ/ሰላም ልጅ፣ ፋራ አትሁኑ፣ ዕውቀት ነው አላቸው። ሐጂንም ፋራ ብሎ። ሌላው ተሳደበበት። ያኛው የዚያኛውን ሰፈር ሰደበ። አያ ታከለ ፋይሉን አነሡት። የወሰደ ግን ወስዷል።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ። «ዋሱ ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ያውቃል። እኔው፣ እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። አሁንም አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ማታ።

አያ ታከለ ደወሉ። ሰኞ ቡሬ፣ ቤታቸው። ሰውህን አቅርበው፣ ካልቻልህ በቦታው ትቀመጣለህ አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስንጨርስ ቀስ ብለው ጨመሩ፦ «ሰዎች እየነገሩኝ ነው። ለጠይብ ዋስ ሆነህ ጠይቡ ፈረንጅ አመጣብህ ይሉኛል።»

ይቅርታ አያ አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ መጣልኝ።

ደብተር፣ ለአንተ አልዋሽም፣ ስለ ፈረንጁ አይደለም የጨነቀኝ። ከማኅበሩ ቢያስወጡኝ የምመለሰው ወደ ነጠላ መሸፈኑ ነው። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ። የሳቸው ግን። ሳያዩኝ አለሁ ያሉ ሰው ናቸው። በኔ ምክንያት ከጠይብ ጋር ምን አገናኘህ ተብለው አንገታቸውን ይድፉ? የሚቀጥለው ቀጥቃጭ ሲመጣ ማን ዋስ ይሆነዋል?

ለፈረንጁ ረጅም ጻፍኩ። ሰኞ ቡሬ ትፈለጋለህ አልኩት። መምጣት ካልሆነልህ በስልክ ፊትህን አሳይና ሽማግሌዎቹን ሰላም በል። አባትህን ጥራ። አጠፋሁ በል። ምንም አይሉህም፤ ይመርቁሃል። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። ከጅጋ መልስ።

ትናንት ማጭድ ሊያስል የመጣ የጅጋ ሰው፣ ይበልጣል ቀን ቀን በሩን ዘግቶ ይሠራል አለኝ። ብየዳ በር ተዘግቶ አይሠራም፤ ጭሱ ይገድላል። ዛሬ በባጃጅ ፍ/ሰላም፣ ከዚያ በሚኒባስ ጅጋ።

አንኳኳሁ። ፋዘር ነህ? አለ። ነኝ። ከፈተልኝ። ከሸራ ሥር አወጣና አሳየኝ። ሥዕሉን ተከትሎ የሠራው ነው። ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

አየሁት። ስለ ብረት ስናገር አልቀልድም። ይኼ ብረት የሚፈነዳው እጅህ ላይ ነው፣ ወዳነጣጠርክበት አይደርስም፣ እጅህን ይዞ ይሄዳል አልኩት። ሥዕሉ ይሆናል ይላል አለኝ። ሥዕሉን የሣለው ይኼን ብረት አይቶታል? አልኩት።

አባቴ ጠመንጃ ለጥገና ሲመጣለት ብረቱን አይደለም መጀመሪያ የሚያየው። ከማን ተጣልተህ ነው? ይላል። ሰውየው ከማንም አልተጣላሁም ካለ ይሠራለታል። ጠብ ካለው ግን ወስዶ ይሰቅለዋል፣ ዕቃ ጎደለኝ እያለ ያመላልሰዋል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዱን ክረምቱን ሙሉ። ቁጣው ሲበርድ ዕቃው ይገኛል። በቪዲዮው ላይ ይኼን አልተናገርኩም። ስለ ወናፍ ሳወራ ረሳሁት።

ከማን ተጣልተህ ነው አልኩት ይበልጣልን።

መጀመሪያ ሳቀ። ምን አገናኘው አለ። ኋላ ግን ወጣ። ታላቅ ወንድሙ ነው። አንድ ጎዳና ላይ ነው ሱቁ። ሰው በተሰበሰበበት በጥፊ መትቶታል፣ ከወር በላይ አልተነጋገሩም።

«እንዳልነካው ነው የሠራሁት ፋዘር። እንዲያየው ብቻ።»

ሲያይህ እሱም ይሠራል። ሥዕሉ እንደሆነ በነፃ ነው አልኩት።

ከዚያ ያላሰብኩትን አለኝ። «አንተ አይደለህ ያሳየኸኝ? ያንተን ቪዲዮ ስቀርጽ ነው ነገሩ ያማረኝ።»

ደብተር፣ በዚህ አፌ ሰው አሸንፎኝ አያውቅም። ዛሬ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ።

እንደ አባቴ ወስጄ ልሰቅልለት አሰብኩ። በዘንድሮ መንገድ ይዤው ብወጣ ግን የምሰቀለው እኔ ነኝ። ነገርኩት፤ ሳይወድ ሳቀ። በል ቁረጠው አልኩት። እኔ አልነካውም፣ በእጅህ ሠራኸው፣ በእጅህ ቁረጠው። ካልሆነ እዚችው አድራለሁ፣ ማንኮራፋቴን ታውቀዋለህ። ረጅም ሰዓት ፈጀ። ኋላ መቁረጫውን አንሥቶ ቆረጠው፣ ቁርጥራጩንም ቆረጠው። ፍንጣሪው ጋቢዬን አቃጠለብኝ፤ ምንም አላልኩም።

ስመለስ በወንድሙ ሱቅ አለፍኩ። ታናሽህ እጁን ሊያጣ ነበር፣ ሂድና እጁን እየው አልኩት። ምነው ምን ሆነ አለ። ሂድና እየው ብዬ ጥዬው ወጣሁ። ይሂድ አይሂድ አላውቅም። ሱቁን ሲቆልፍ ግን ሰምቻለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ጠዋት።

ፈረንጁ መለሰ።

ዋስ የሚለው ቃል ለማሽኑ አልገባውም። እኔ ለሱ ዋስ ነኝ ያልኩትን፣ እኔ ለሱ ግድግዳ ነኝ ብሎ ነው የተረጎመለት። ቢሆንም ነገሩን ተረድቷል። ማንም ለማንም ተጠያቂ አይደለም፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ነው ይላል። ፊት አላሳይም ይላል። አባቴን አልጠራም፣ አባቴ በዚህ የለበትም ይላል።

ስለ ይበልጣል ጻፍኩለት። ስሙን ሳልጠራ። አንድ ልጅ ያንተን ሥዕል ይዞ እጁን ሊያጣ ነበር፣ ከወንድሙም ተጣልቷል አልኩት።

ወዲያው መለሰ። አዝናለሁ አለ። ከዚያ ልጁ የተሻለ ብረት ቢጠቀም ምን ምን እንደሚሻል ረጅም አድርጎ ጻፈልኝ።

እኔ ስለ ልጁ ጻፍኩለት፣ እሱ ስለ ብረቱ መለሰልኝ።

ክፉ ሰው አይመስለኝም። አባቴን የጠየቀኝ ከልቡ ነው። ግን ከማን ተጣላ ብሎ አልጠየቀም። አይመጣለትም። እነሱ አገር ዕቃ የጎደለው ሰው የለም መሰለኝ፤ ሁሉም እጁ ላይ ነው፣ ሁሉም ወዲያው ነው።

ከሰዓት ስከፍተው የብሎኑ ሥዕል ጠፍቷል። እኔንም ዘግቶኛል። ሰላም ሳይል ሄደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29። ማለዳ።

ይታይሽ ነጭ ጋቢ አውጥታ ሰጠችኝ፤ የተቃጠለውን ደብቃዋለች። ምን ልትላቸው ነው አለችኝ። ንግግር አዘጋጅቻለሁ አልኳት። በለው እስቲ አለች። አልኩት። ግማሹን ተወው አለችኝ። የትኛውን ግማሽ? አንተ ያለህበትን አለችኝ። ከሷ ጋር ሃያ ዓመት የኖርኩ ሰው ሽማግሌ አይፈራም።

መኪና መጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29። ማታ፣ ቤት።

የአያ ታከለ ቤት ከቡሬ አውቶቡስ መናኸሪያ ወደ ላይ ነው። ግቢው ጥርግ ያለ፣ ነዶ የተከመረበት። ገባሁ። በመደቡ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ አያ ታከለ፣ ሐጂ ሰይድና አንድ የማላውቀው ዓይነ ስውር ሽማግሌ። የአያ ታከለ ቁመት ድምፃቸውን አይመስልም። አጭር ናቸው። እኔን ሲያዩ ብድግ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ።

ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰይድ ቀጥታ ገቡ። ሰውህስ? አሉ።

አላመጣሁትም፣ ፊት የለውም አልኩ። እኔ ፊት አለኝ፣ ይኸው። በሱ ቦታ ተቀምጫለሁ።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት። ግማሹን አይደለም፣ ሁሉንም። ስለ ጅጋው ልጅ ነገርኳቸው፤ ስሙን አልጠራሁም። አባቴ የጠበኛን ብረት ይሰቅል እንደነበር ነገርኳቸው። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ድንገት፣ የኔንም ሰቅሎብኛል አሉ። ሁላችንም ዞርን። በወጣትነታቸው ከአጎታቸው ልጅ ተካሰው፣ ብረታቸውን ማንኩሳ ሰጥተው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲመላለሱ ዕቃ ጎደለ ዕቃ ጎደለ። «ያ ሌባ ቀጥቃጭ እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ። ለካ» አሉና ሳቁ። የአጎታቸው ልጅ አሁን አበ ልጃቸው ነው፤ ዓይናቸው ሲጠፋ እየመራ ቤ/ክ የሚወስዳቸው እሱ ነው።

አያ ታከለ ምን ይፈረድብህ? አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሴን የሚያስመሰግን መልስ የምሰጥበት ሰዓት ነበር። ቪዲዮዬ ይነሣ አልኩ። ልጁ የጀመረው ከኔ ነው። እኔ ብረቱን አሳይቼ ጥያቄውን ደብቄ ነው ያወራሁት።

ሐጂ ሰይድ አዘኑ። ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር የማየው እሱን ነው፣ የወናፉ ቦታ ላይ እንስቃለን አሉ። ደስታዬን ዋጥኩት። አልዋጥኩትም፣ የትኛው ቦታ ላይ ነው የምትስቁት ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩኝ። ቀልዱን ያደረግሁበት ቦታ አይደለም።

ተፈረደ። ቪዲዮው ይነሣል። ፋይል የሚጥል ከነዋሱ ይወጣል። ብረት እንዴት ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ከማን ተጣልተህ ነው ይባላል፤ ጠያቂው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ሹመት ነው። ለይታይሽ ስነግራት ማጭዱንስ ማን ሊስል ነው አለች።

ስልኩን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ቪዲዮውን አነሣሁት። እርግጠኛ ነህ? ይላል ስልኩ። ነኝ አልኩት። አባቴ ከነብረቱ ጠፋ። ብረቱ ግን ግድግዳዬ ላይ አለ።

ደብተር፣ አንድ ነገር ላርምና ልተኛ። መምህርቷ ስታርም እንዳትይዝብኝ። አያ ታከለ ብድግ አላሉም፤ ጋቢያቸውም አልወደቀም። እኔ ነኝ በጽሑፍ ያነሣኋቸው። እኔ ስገባ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ልቀመጥ ስል፣ ተዋት አሉኝ። ከዚያ ሐጂ ሰይድን በክርናቸው ገፋ አደረጉና መደቡ ላይ ጠጋ አሉ። የተለቀቀው ቦታ ጠባብ ነበር። ትከሻችን ተነካክቶ ዋለ።